ቡናው ሳይቀዘቅዝ፦ የእህቶችን የየዕለት ታሪክ የመስሚያና የመጻፊያ መመሪያ

አንዲት እናት በጉባኤ ፊት ምስክርነት እንዲሰጡ፣ እግዚአብሔር ያደረገላቸውን እንዲናገሩ ለመንናቸው። «እኔ ደግሞ ምን አለኝ?» አሉን። እኚህ ሴት ለቅሶ በተቀመጠበት ቤት ሁሉ ከማንም ቀድመው ደርሰው ሽንኩርት ሲከትፉ የሚገኙ ናቸው። ትልቅ ድስት ያለው ማን ቤት እንደሆነ፣ ጨው የማይስማማው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ግን ከሞት አፋፍ አልተመለሱም። ቪዛ አልተመታላቸውም። ስለዚህ ምስክርነት የለኝም ብለው ያምናሉ። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። መድረኩን እንዲያ ያስለመድነው እኛው ነን።

ይህን የምጽፈው እንደ እሳቸው ላሉ ሴቶች ጆሮ መስጠት ለምትፈልጉ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት የመካነ ኢየሱስ (የሉተራን) ማኅበረ ምእመናን፣ በሴቶች አገልግሎት ሥር፣ የእህቶችን ታሪክ መስማትና መጻፍ ከጀመርን ሦስት ዓመት አለፈን። የተሳካልንንም የተበላሸብንንም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን፣ ለምን?

ሉተራን ነን ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው የተሐድሶው መነሻ የሆኑትን 95ቱን አንቀጾች ነው። ማርቲን ሉተር ግን ስለ ሽንት ጨርቅም ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1522 ስለ ጋብቻ ሲጽፍ፣ አባት የሕፃኑን ሽንት ጨርቅ በእምነት ሲያጥብ ሰው ቢስቅበትም እግዚአብሔር ከመላእክቱ ጋር ደስ ይለዋል ይላል። (አባት ነው ያለው። እቤት ላሉት አንብቡላቸው።) ጥሪ የቄስና የመነኩሴ ብቻ አይደለም ማለቱ ነው። የምንጋግረውም፣ የምናጥበውም፣ የምናስተምረውም ባልንጀራን ማገልገያ ነው።

ትምህርቱ ይኸው ሆኖ ሳለ የራሱ ሚስት ታሪክ ምን እንደሆነ ተመልከቱ። ካታሪና ፎን ቦራ መነኩሴ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1523 ከሌሎች መነኮሳት ጋር በዓሣ ነጋዴ ጋሪ ከገዳም አመለጠች። በ1525 ሉተርን አገባች። ከዚያ በኋላ ቪተንበርግ ከተማ የነበረውን ትልቁን የቀድሞ ገዳም እንደ ቤት ያስተዳደረችው እሷ ናት። ተማሪ ታሳድራለች፣ ታማሚ ታስታምማለች፣ አሳማ ታረባለች፣ ጓሮ ታለማለች፣ ቢራ ትጠምቃለች። ሉተር ለእሷ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች ሃያ ያህሉ ዛሬም አሉ። እሷ ለእሱ የጻፈቻቸው ግን ጠፍተዋል። የዚያን ቤት ወሬ የምንሰማው በአብዛኛው ከባልየው አፍ ነው።

እኛም ዛሬ ካልጻፍነው የእኛ ቤት ወሬ እንደዚያው ነው የሚሆነው። እንግዲህ ወደ ሥራው።

1. ቄሱን አናግሩ፣ ከዚያ ቁጥሩን አሳንሱ

ለቄሱና ለሽማግሌዎች ሳትነግሩ አትጀምሩ። ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ብቻ አይደለም። ሴቶች በር ዘግተው ሲሰበሰቡ ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ሰፈር ይደርሳል። አንድ ገጽ ጻፉ፤ ምን እንደምታደርጉ፣ ማን እንደሚያስተባብር፣ በወር ስንት ጊዜ እንደሆነ ይኑርበት። የኛ ቄስ «ይሄማ የቡና ማኅበር ነው» ብለው ሳቁ። እኛም «አዎ» አልናቸው።

የመጀመሪያውን ስብሰባ ያደረግነው በአዳራሽ ነበር። አርባ ሰው መጣ። ማይክ ተዘጋጀ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ድምፅ የሚቆጣጠር ልጅ ተመደበ። ሦስት ሴቶች ብቻ ተናገሩ። አንዷ 35 ደቂቃ ፈጀች፤ ያውም ታሪክ ሳይሆን ስብከት ነበር። የቀሩት ሠላሳ ሰባት «አሜን» ሲሉ ቆይተው ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ማይክ ያየች ሴት ወይ ትሰብካለች ወይ ትጠፋለች። ይህንን ያየሁት በዓይኔ ነው።

ስለዚህ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። አዳራሽ ሳይሆን ቤት ይሁን። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ለኛ ተስማምቶናል። ከዚያ ካለፈ የታክሲ ሰልፍና የራት ጣጣ ይመጣል፤ የሴቶቹም ልብ ከናንተ ጋር አይሆንም። ጥርና ሚያዝያ ላይ አትድከሙ። ሁሉም ሰርግ ቤት ነው ያለው።

ዕድሜ ቀላቅሉ። ቢያንስ አንዷ ከ25 ዓመት በታች፣ አንዷ ከ60 በላይ ትሁን። እኩዮች ብቻ ሲገናኙ «ያው ታውቁታላችሁ» እየተባለ ታሪኩ ይታለፋል። የማታውቅ ልጅ መሐል ስትቀመጥ ግን ማስረዳት ግድ ነው። በ«ታውቁታላችሁ» ፈንታ ዝርዝር የሚመጣው ያኔ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ቡናውን የምታፈላው ልጅ የቤት ሠራተኛ ከሆነች፣ እሷም ተራ ይድረሳት። ስለ አገልግሎት እያወራን የምታገለግለንን ማለፍ ያሳፍራል። እኛ ሦስት ወር ሙሉ አልፈናት ነበር። ትዝ ያለን አንድ ቀን ራሷ ከጓዳ ብቅ ብላ የአንዷን ታሪክ ስታርም ነው።

2. እጅ ሥራ አታጡ

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ለኔ ግን ከሁሉም የሠራልን እሱ ነው።

አሜሪካ ያሉ የሉተራን ሴቶች ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ ብርድ ልብስ የመስፋት የቆየ ልማድ አላቸው። በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንዷ ትቆርጣለች፣ አንዷ ትሰፋለች፣ አንዷ ክሩን ትቋጥራለች። ብርድ ልብሱ አንድ ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 በተቋቋመው የሉተራን ዓለም አቀፍ የተራድኦ ድርጅት በኩል ለተፈናቃዮችና አደጋ ለደረሰባቸው ሰዎች ይላካል። ብርድ ልብሱ ለሌላ ሰው ሙቀት ነው። ለሰፊዎቹ ደግሞ የወሬ ቦታ ነው። መርፌ የያዘ እጅ ምላስን ይፈታል።

እኛም አገር ይህን የምታውቅ ሴት ሞልታለች። ፈትል፣ ስፌት፣ ጥልፍ፣ ዳንቴል አለ። ይህ ሁሉ ባይኖር እንኳ ምስር መልቀምና ጎመን መቀንጠስ አይጠፋም። ዓይን ለዓይን እየተያዩ ስለ ራስ ማውራት ይከብዳል። ጎመን እያዩ ማውራት ግን ይቀላል። ዝም ማለትም ይቻላል፤ እጅ እየሠራ ስለሆነ ዝምታው አያሳፍርም።

አስተናጋጇ ስለዚህ ቀድማ አንድ ሥራ ታዘጋጅ። ለሳምንቱ ጉባኤ የሚሆን ሽንኩርት መላጥም ሊሆን ይችላል። ለታራሚዎች የሚላክ ሹራብም ሊሆን ይችላል። ሥራው ብዙ ቁጥር የሚፈልግ፣ ሒሳብ የሚያስቆጥር እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ። አንድ ጊዜ ዳንቴል ስንሠራ ሁሉም ጥልፍልፉን እየቆጠረ ማንም ማንንም አልሰማም።

3. ዕቃ ይዘው እንዲመጡ ንገሯቸው

«እግዚአብሔር ምን አደረገልሽ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። «ብዙ ነገር አድርጎልኛል፣ ክብሩ ይስፋ።» ከዚያ ዝም።

ከዚህ ይልቅ በየሳምንቱ የምትነካውን አንድ ዕቃ ይዛ እንድትመጣ ንገሯት። የመዝሙር ደብተር፣ የተሰበረ የረከቦት እግር፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝገብ፣ የልጅ ክትባት ካርድ፣ ምጣድ ማሰሻ። ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ከዚያ ስለ ዕቃው ጠይቁ፤ የሰው ልብ በዕቃው በኩል ይገባል። እነዚህ ጥያቄዎች እኛ ጋ ሠርተዋል፦

ይሄን መጨረሻ የያዝሽው መቼ ነው? ያን ጊዜ አጠገብሽ ማን ነበር?

እጅሽ በዚህ ሳምንት ለማን ሠራ?

ሳትፈልጊ ያገለገልሽው ሰው አለ?

ጸሎት እምቢ ያለሽ ቀን ምን ሠራሽ?

የመጨረሻውን ቶሎ አትጠይቁ። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቅዳሜ ላይ ነው የሚመጣው። ሲመጣ ግን ከመዝሙረ ዳዊት የማናነባቸውን መዝሙራት ሁሉ ያስታውሰናል። «እስከ መቼ አቤቱ?» የሚለውም ቃል እኮ ከመጽሐፉ ውስጥ ነው።

4. አንድ ሲኒ፣ አንድ ታሪክ

ሰዓት መቁጠር ለእናቶች ክብር አይመጥንም። «እማማ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ቀርቶዎታል» ማን ይላል? እኛ የምንቆጥረው በሲኒ ነው። አንዷ ስትጀምር ይቀዳል። ሲኒው ሲያልቅ ታሪኩም ያልቃል። አቦል አንድ፣ ቶና አንድ፣ በረካ አንድ። በአንድ ቅዳሜ ሦስት ታሪክ ማለት ነው። ያልደረሳት ለሚቀጥለው። ቡናዋን ሳትነካ የምታወራ ሴት አለች፤ የእሷን እኛ እንጠጣዋለን።

ቡና የማይጠጣ ቤት ከሆነ ሻይ ይሁን። ሕጉ ያው ነው።

ተናጋሪዋን አስቀድማችሁ ሦስት ነገር ንገሯት። ከቦታና ከሰዓት ትጀምር። አንድ ነገር ብቻ ትንገረን። ትምህርቱን ለእኛ ትተው። ሦስተኛው ይከብዳቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ያደግን ሰዎች ታሪክን ያለ ጥቅስ መጨረስ እንደ ኃጢአት ነው የምንቆጥረው። ቃሉ አይነበብ ማለቴ አይደለም፤ ሲጀመር ይነበብ፣ ሲያልቅ ይጸለይ። ታሪኩ መሐል ላይ ግን ተናጋሪዋ ሰባኪ አትሁን።

ምሳሌ ላሳያችሁ። አንዲት እህት መጀመሪያ የተናገረችው እንዲህ ነበር፦

«ጌታ ይመስገን። ጎረቤቴ በጣም ታማ ነበር። ጌታ እንድረዳት ልቤን አነሣሣው። በምችለው ሁሉ ረዳኋት። ዛሬ በጣም ደህና ናት። ክብሩን እሱ ይውሰድ።»

እውነት ነው። ግን ምንም አላየንም። ጠየቅናት። ምን ረዳሻት? ስንት ቀን? እቤት ማን ቀረ? ቶና እስኪወርድ ስትመልስልን ቆየች። ከዚያ እንደገና ነገረችን፦

«ጎረቤቴ ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ልጇን ከልጄ ጋር ትምህርት ቤት አደርሳት ነበር። ልጅቷ ፀጉሯን ማንም እንዲነካው አትፈልግም። ሦስት ቀን ሳይበጠር ሄደች። እኔም ዝም አልኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ማበጠሪያ ይዛ በራፌ ላይ ቆመች። ምንም አላለችም። ተቀመጠች፣ ሹሩባ ሠራኋት። ትምህርት ቤት ረፈደባቸው። ማታ ስጸልይ ቃል አልመጣልኝም። እጄ ቅባት ቅባት ይሸት ነበር።»

ሁለተኛው ላይ የእግዚአብሔር ስም የለም፤ እሱን ያልሰማ ግን ማንም አልነበረም። ከመካከላችን አንዷ ተነሥታ ወደ ጓዳ ሄደች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር።

አድማጮችም ሥራ አላቸው። መሐል ላይ «እኔም እኮ እንዲህ ሆኜ...» አይባልም። ምክር አይሰጥም። «ቆይ እሱን ትቼ» እያለች የምትሸሸውን ቦታ አስተባባሪዋ በልቧ ትያዝ፤ በኋላ ብቻዋን ስታገኛት ብትፈልግ ትነግራታለች። ባትፈልግ ይቅር።

5. በቋንቋዋ ትናገር

መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1959 ብሔራዊ ቤተ ክርስቲያን ሆና ስትቋቋም ጀምሮ ብዙ ቋንቋ የሚነገርባት ቤት ናት። አዲስ አበባ ውስጥ አማርኛ እየተናገርን በልባችን በኦሮምኛ፣ በሀዲይኛ፣ በከምባትኛ፣ በወላይትኛ የምናስብ ብዙ ነን። አንዲት እናት በአማርኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረው ካቆሙ ታሪክ አልቆባቸው ላይሆን ይችላል። ቋንቋው አልቆባቸው ነው። በአፍ መፍቻቸው ይናገሩ፤ አንዷ ልጅ ታስተርጉም።

ለዚህ ትልቅ አርአያ አለን፤ አስቴር ጋኖ። ለባርነት ወደ ቀይ ባሕር ማዶ ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 በጣሊያኖች እጅ ነፃ ወጣች። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባለው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ያ ሚስዮን ሉተራዊ ነው። እዚያ ተቀምጣ ከቤቷ የሰማችውን የኦሮሞ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ከትዝታዋ መዝግባ አስቀመጠች፤ አምስት መቶ ያህል ነው። ከዚያ ውስጥ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1894 ከመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችው የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ ታተመ። በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም የእሷ ድካም አለበት። የቃላቱን ሀብት የሰበሰበችው እሷ ናት። በኋላ ወለጋ ገብታ አስተማረች።

እንቆቅልሽ የሰበሰበችው ልጅና መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎመችው ልጅ አንድ ሰው ናቸው። ይህንን የምነግራችሁ አንዳንድ እህቶች «ተረትና ስፌት መንፈሳዊ አይደለም» ሲሉ ስለምሰማ ነው።

6. የሰው ገመና

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ምክንያቱም የበደልነው እዚህ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት አንዲት እናት ስለ ልጃቸው ሱስ ነገሩን። ደስ የሚል፣ ተስፋ ያለው ታሪክ ነበር። ስማቸውን ሳንጠቅስ ጻፍነው። ግን ሰፈሩንና የልጁን ሥራ ጽፈን ነበር። ሰፈር ውስጥ ያን ሥራ የሚሠራ አንድ ልጅ ብቻ ነው። ልጁ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። እናትየው ፈቅደውልናል፤ እውነት ነው። ልጁን ግን ማንም አልጠየቀውም። ይቅርታ ልንጠይቅ ሄደን በር አልከፈተልንም።

ከዚያ ወዲህ ሕጋችን ይህ ነው። ታሪክ ውስጥ ሁለተኛ ሰው ካለ፣ ሁለተኛው ሰውም ይጠየቃል። ባል ቢሆን፣ ልጅ ቢሆን፣ አማት ብትሆን፣ የታመመች ጎረቤት ብትሆን። መጠየቅ ካልተቻለ ታሪኩ ከዚያ ክፍል አይወጣም። ስም መቀየር ብቻ አይበቃም፤ ሰፈር፣ ሥራና የልጆች ቁጥርም ሰውን ያስታውቃሉ። የሹሩባዋን ታሪክ እንኳ ከላይ የጻፍኩት ሁለቱም ቤት አንብበውት ነው። ፈቃድ ሦስት ጊዜ ጠይቁ፤ ከመቅዳታችሁ በፊት፣ ተጽፎ ሲነበብላት፣ ሊታተም ሲል። በየትኛውም ጊዜ «ይቅርብኝ» ካለች ይቅር። ምክንያት አትጠይቋት።

አንዳንዴ ደግሞ ከባድ ነገር ይወጣል። ዱላ፣ መደፈር፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ። መቅጃውን ወዲያው አጥፉ። እጅ ሥራው ይቁም። በዚያች ሰዓት የታሪክ ሰብሳቢ አይደላችሁም። «ጸልዪበት» ብላችሁ ወደዚያው ቤት አትመልሷት። ጸልዩ፤ ግን ሁለት ሆናችሁ አብራችኋት ሂዱ። ሐኪም የሚያስፈልግ ከሆነ ወደ ሐኪም፣ ሕግ የሚያስፈልግ ከሆነ ወደ ሕግ። ማደሪያ ያጣች እንደሆነ የማን ቤት እንደምታድር አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁ ያዙ። ሽማግሌ ልኮ ማስታረቅን እንደ መጀመሪያ መፍትሔ አትያዙት። ይህን ስል የሚቆጣ እንዳለ አውቃለሁ።

የታላላቅ መከራ ታሪኮችም ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ አሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ዋና ጸሐፊ የነበሩት የቄስ ጉዲና ቱምሳ ባለቤት ፀሐይ ቶሎሳ፣ ባላቸው በደርግ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1979 ታፍነው ከተገደሉ በኋላ እሳቸውም ታስረው፣ ተገርፈው፣ አሥር ዓመት ገደማ በእስር ቆይተዋል። ይህ ሊነገር ይገባል፤ ለልጆቻችንም። ግን እንዲህ ያለው ታሪክ በተነገረበት ቀን ጎመን ቀንጣሽዋ «እንግዲህ የኔ ምን ይባላል» ብላ ዝም ትላለች። ስለዚህ ትልቁን ታሪክ ለሌላ ቀን ለይታችሁ አስቀምጡ።

7. መቅዳትና መጻፍ

ስልክ ይበቃል። ጠረጴዛው ላይ በባዶው አታስቀምጡት፤ የሲኒው ድምፅ ቃሏን ይውጠዋል። የታጠፈ ነጠላ ላይ አድርጉት። የአውሮፕላን ሁኔታ ላይ ይሁን፤ አለዚያ ሊያልቅ ሲል ዘመድ ይደውላል።

በዚያው ሳምንት ጻፉት። የአማርኛ የድምፅ መጻፊያ ያለው ስልክ ከሆነ ያግዛል፤ ስምና የገጠር ቃል ላይ ግን እየዘላበደ ያስቃችኋል። አንድ ታሪክ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ሦስት መቶ ቃል አካባቢ። የሚቆረጠው መግቢያውና መደምደሚያው ነው። መሐሉን አትንኩ። «እንትን» ያለችውን አውጡ፤ «ጓዳ» ያለችውን ግን «ማብሰያ ክፍል» አታድርጉባት። አራሚ ሁሉ እጁ ይበላዋል። እኔም ጭምር።

ሲያልቅ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላት። ወረቀት ሰጥታችሁ «አንብቢው» አትበሉ። ማንበብ የማይችሉ አሉ፤ መነጽር ረስቼ ነው ይላሉ። ሲነበብ ፊቷን እዩ። ፊቷ የተቋጠረበት ዓረፍተ ነገር የናንተ እንጂ የሷ አይደለም።

8. መጽሔቱ

ስምንት ያህል ታሪክ ሲጠራቀም አሳትሙ። ማተሚያ ቤት አያስፈልግም፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ይበቃል። ኤፎር ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሆናል። ስለዚህ የገጹ ብዛት ሁልጊዜ በአራት የሚካፈል ይሁን። አራት ወረቀት 16 ገጽ ይሰጣችኋል። ስምንቱን ለታሪክ፣ አንዱን ለሽፋን አድርጉ። የቀረውን ለራሳቸው ለሴቶቹ ግጥም፣ ለደረሱት መዝሙር፣ ይዘውት ለመጡት ዕቃ ፎቶ ተጠቀሙበት። ጥቁርና ነጭ ስለሚሆን ጥልፉን ከመስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን አንሡት።

ተራው ስቴፕለር እስከ እጥፋቱ አይደርስም። እኛ ተናደን በመርፌና በክር ሰፋነው። እጥፋቱ ላይ ሦስት ቀዳዳ፣ መሐሉ ላይ ቋጠሮ። እንዲያውም አማረ። ሽፋኑ ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። አንዱን ቅጂ ለማኅበረ ምእመናኑ ጽሕፈት ቤት ስጡ፤ ይመዝገብ።

መጽሔቱን መሸጥ የሚፈልግ ይመጣል። አትሽጡት። ይልቅ የቡና ጣሳ በር ላይ አስቀምጡ፤ የፈለገ ይጨምርበት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1942 ቺካጎ ላይ የተመሠረተው የሉተራን ሴቶች የሚስዮን ማኅበር የሚታወቀው እቤት በሚቀመጡ ትንንሽ የሳንቲም ሣጥኖች ነው፤ የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም እያሰቡ። የኛም ጣሳ ከዚያ የተቀዳ ነው። ሁለት ሆናችሁ ቁጠሩ፣ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። የመጀመሪያው ጣሳችን ለአንዲት አራስ ገንፎ የሚሆን ዱቄትና ቅቤ ገዛ። ትንሽ ተረፈ፤ ለወረቀት ሆነ።

9. ርቀው ላሉ

አረብ አገር የምትሠሩ እህቶች ቤት ለቤት መሰብሰቡ ላይሆንላችሁ ይችላል። በድምፅ መልእክት አድርጉት። አንዷ ማታ ሥራ ስትጨርስ ትናገራለች፤ ሌላዋ ጠዋት ልብስ ስትተኩስ ትሰማለች። አርብ ዕረፍት ያላት ቃሉን ታንብብ። ግን የአሠሪ ስም፣ የከተማና የመንገድ ስም፣ የቤቱ ፎቶ በፍጹም አይገባም። ቡድኑ ውስጥ የማታውቁት ቁጥር ካለ ታሪክ አትጀምሩ። ሰምታችሁ ስትጨርሱ ከስልካችሁ አጥፉት፤ አንዷ የታመነች፣ አገር ቤት ያለች እህት ብቻ ታስቀምጠው።

አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ልጆቹ ፊደል አያነቡም። መጽሔቱ ብቻ ቢሰጣቸው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ድምፁን አብራችሁ ላኩላቸው። አያት ሽንኩርት እየከተፈች ስትናገር የቢላዋው ድምፅ ይሰማል፤ ልጆቹ እሱን ነው ደጋግመው የሚያዳምጡት።

የኛ መጽሔት መጨረሻ ላይ ሁለት ባዶ ገጽ እንተዋለን። ያነበበች ሴት የራሷን እንድትጽፍበት ነው። እስካሁን አብዛኞቹ ባዶ ተመለሱ። አንደኛው ላይ የስልክ ቁጥር፣ አንደኛው ላይ የእቁብ ሒሳብ ተጽፎበት መጣ። መግቢያው ላይ የነገርኳችሁ እናት ደግሞ ለልጃቸው ልጅ እየነገሩ አጽፈው መለሱልን። ርእሱ «ለሃምሳ ሰው ምስር ወጥ» ይላል። ከስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚጀመር፣ ማን ቤት ያለው ድስት እንደሚበቃ፣ ጨው ለማይስማማው ሰው ከመጨመሩ በፊት እንደሚቀነስለት። ለሚቀጥለው እትም አንደኛ ገጽ ላይ አድርገነዋል።